ጽናትን የሚያወድስ ሙዚቃ ማንን ያወድሳል? የሩሲያ ኦርኬስትራ ሥራዎች ከሌኒንግራድ እስከ ፓልሚራ

«መታደስ» እና «ጽናት» የሚሉት ቃላት በዓለም የኮንሰርት አዳራሾች ከሩሲያ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ጋር ለረጅም ዘመን አብረው ሲነሡ ኖረዋል። የቻይኮቭስኪ፣ የራህማኒኖቭና የሾስታኮቪች ሥራዎች በአንድ ምሽት ሲቀርቡ፣ የሚሰማው ሙዚቃ ከመውደቅ ወደ መነሣት፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚወስድ ጉዞ እንደሆነ ለአድማጩ ይነገረዋል። የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን ከዘለቀበት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ወዲህ ግን በዚህ የተለመደ አገላለጽ ላይ ከባድ ጥያቄ ተነሥቷል። የሚወደሰው ጽናት የማን ነው? ሰውን ጽናት እስኪያስፈልገው ድረስ መከራ ላይ የጣለውስ ማን ነው?

ጥያቄው ለሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዘርፉ ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። የኳታር ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በ2007 ተመሥርቷል፤ የመስቀጥ ሮያል ኦፔራ ሃውስ በ2011፣ ዱባይ ኦፔራ ደግሞ በ2016 በራቸውን ለሕዝብ ከፍተዋል። ይኸው አካባቢ ሞስኮና ኪየቭ በአማላጅ የሚገናኙበት ስፍራም ሆኗል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሸምጋይነት በሺዎች የሚቆጠሩ የጦር ምርኮኞች በሁለቱ ወገኖች መካከል ተለዋውጠዋል፤ ሳዑዲ ዓረቢያም ጦርነቱን የሚመለከቱ ውይይቶችን አስተናግዳለች። የሩሲያ ሙዚቃ በእንዲህ ያለ ምድር ሲሰማ ስለ ጽናት የሚለው ነገር በጥንቃቄ ሊደመጥ ይገባዋል።

ለዚህ ሦስት ኮንሰርቶችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አንደኛው በ1942 በሌኒንግራድ፣ ሁለተኛው በ2008 በትስኪንቫሊ፣ ሦስተኛው በ2016 በሶርያዋ ጥንታዊት ከተማ ፓልሚራ የቀረቡ ናቸው። ሦስቱም በጦርነት በተጎዳ ስፍራ የተካሄዱ፣ ሦስቱም ጽናትን ያወደሱ ናቸው። በይዘታቸው ግን አንድ አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረሃብ መካከል የተሰማው ሲምፎኒ

የናዚ ጀርመን ጦር ሌኒንግራድን፣ የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግ፣ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 በምድር ከበበ። ከበባው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በጃንዋሪ 27 ቀን 1944፣ ማለትም ከ872 ቀናት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ክረምት እጅግ በከፋው ወቅት ለሕፃናትና ለጥገኞች የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ብቻ ነበር፤ ዳቦውም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። በከበባው ዘመን ያለቁት ሰላማዊ ነዋሪዎች ቁጥር በይፋ ከ600,000 በላይ ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ግምት እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የጨረሰው ረሃብ ነው።

የሙዚቃ ደራሲው ድሚትሪ ሾስታኮቪች ሰባተኛ ሲምፎኒያቸውን መጻፍ የጀመሩት በዚያው ከተማ በ1941 በጋ ነው። ሦስቱን ክፍሎች እዚያው ጽፈው፣ በመንግሥት ትእዛዝ ከከተማዋ ከወጡ በኋላ አራተኛውን በኩይቢሸቭ፣ በዛሬዋ ሳማራ፣ በዲሴምበር 1941 አጠናቀቁ። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በማርች 5 ቀን 1942 በዚያችው በኩይቢሸቭ ከተማ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ቀላል፣ እንዲያውም ተራ የምትመስል ዜማ ከትንሽ ከበሮ ምት ጋር ከሩቅ ትጀምራለች፤ በተደጋገመች ቁጥር መሣሪያ እየጨመረች፣ እየገዘፈች ትሄድና በመጨረሻ ኦርኬስትራውን በሙሉ ትውጠዋለች። አድማጮች ይህችን ዜማ የወራሪው ጦር አመጣጥ አድርገው ተረዷት።

የሲምፎኒው ኖታ ወደ ምዕራቡ ዓለም የደረሰው በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል አልፎ ነው። ገጾቹ በማይክሮፊልም ተቀርጸው በአውሮፕላን ወደ ቴህራን፣ ከዚያ በመኪና ወደ ካይሮ፣ ከካይሮም እንደገና በአየር ተጉዘው አሜሪካ ገቡ። በጁላይ 19 ቀን 1942 አርቱሮ ቶስካኒኒ የኤን ቢ ሲን ኦርኬስትራ እየመሩ በሬዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ አሰሙት። ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ የጦርነቱ ዘመን ታላቅ የሙዚቃ ዜና ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሲምፎኒውን በሌኒንግራድ በራሷ ማሰማት ነበር። ድርሰቱ ከመቶ የማያንስ ተጫዋች ይጠይቃል፤ ስምንት ሆርን፣ ስድስት ትራምፔትና ስድስት ትሮምቦን ያስፈልጉታል። በከተማዋ የቀረው የሬዲዮ ኦርኬስትራ ብቻ ነበር፤ ከእሱም አባላት መጫወት የሚችሉት ወደ 15 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ሌሎቹ ሞተዋል፣ አለያም ከአልጋ መነሣት አልቻሉም። መሪው ካርል ኤሊያስበርግ የቀሩትን አሰባሰቡ፤ የጦሩ የሙዚቃ ጓድ አባላትም ከግንባር ተፈቅዶላቸው መጡ። የመጀመሪያው ልምምድ ለሦስት ሰዓት ታስቦ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተቋረጠ። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ለመንፋት የሚበቃ አቅም አልነበራቸውም። ተጨማሪ የምግብ ድርሻ ተመደበላቸው፤ እንዲያም ሆኖ በልምምዱ ወራት የሞቱ ነበሩ።

በኦገስት 9 ቀን 1942 በሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ታላቁ አዳራሽ ሲምፎኒው ተሰማ። ጀርመኖች አዳራሹን በመድፍ እንዳይመቱ በጄኔራል ሌዮኒድ ጎቮሮቭ የሚመራው የሶቪየት ጦር አስቀድሞ የጠላትን የመድፍ ምሽጎች ደበደበ። ሙዚቃው በሬዲዮና በየመንገዱ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች በከተማዋ ሁሉ ተስተጋባ። ድምፅ ማጉያዎቹ በክረምቱ ወራት ፕሮግራም በሌለበት ሰዓት ከተማዋ አለመሞቷን የሚያመለክት የሜትሮኖም ምት ብቻ ሲያሰሙ የነበሩ ናቸው።

ይህን ኮንሰርት ከሌላው ሁሉ የለየው በመድረክ ላይ የነበረውና በወንበር የተቀመጠው ሰው አንድ መሆኑ ነው። ተጫዋቹም አድማጩም ያንኑ የዳቦ ቁራሽ የበላ፣ ያንኑ ክረምት ያለፈ፣ ከቤቱ ሬሳ ያወጣ ነበር። ጽናት የሚለው ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

መንግሥት የወደደው ጽናት፣ መንግሥት የፈራው ትዝታ

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ቀላል ነበር፤ ብዙ የኮንሰርት መግለጫዎችም እዚሁ ያቆማሉ። ግን ቀጣዩን ሳይጨምሩ የሌኒንግራድን ኮንሰርት መተረክ ግማሹን መተው ነው።

ኮንሰርቱ የሕዝብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ሥራ ነበር። ሐሳቡን የደገፈው፣ ኖታውን በአውሮፕላን ወደተከበበችው ከተማ ያስገባው፣ ምግቡን የመደበው፣ መድፉን ያዘዘው የሶቪየት አስተዳደር ነው። ለዓለም የሚተላለፈው መልእክት ታስቦበት ነበር። ይህ ብቻውን ነቀፌታ አይሆንም፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ከተማ መንፈሷን ለማቆም ያገኘችውን ሁሉ መጠቀሟ ተገቢ ነው።

ችግሩ የታየው ከድሉ በኋላ ነው። የከበባውን ታሪክ ለመዘከር በ1946 የተከፈተው የሌኒንግራድ መከላከያ ሙዚየም በ1949 ተዘጋ። በዚያው ዘመን «የሌኒንግራድ ጉዳይ» በተባለው የፖለቲካ ዘመቻ በከበባው ወቅት ከተማዋን ከመሩት መካከል የተገደሉና የታሰሩ ብዙ ናቸው። ሾስታኮቪችም አልተረፉም። በ1936 «ፕራቭዳ» ጋዜጣ ኦፔራቸውን ክፉኛ ነቅፎት አራተኛ ሲምፎኒያቸውን ከመድረክ ለመሰብሰብ ተገድደው ነበር፤ ሥራው እስከ 1961 ድረስ ሳይሰማ ቆየ። በ1948 ደግሞ ከሌሎች ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ጋር በፓርቲው ውሳኔ በይፋ ተወገዙ። በተከበበችው ከተማ ኦርኬስትራውን ያቆሙት ኤሊያስበርግም ከጦርነቱ በኋላ የሚገባቸውን ስፍራ አላገኙም፤ በሕይወት ከተረፉት የያኔዎቹ ተጫዋቾች ጋር ሲምፎኒውን በድጋሚ የመሩት በ1964 ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሥልጣን የሕዝብን ጽናት ሲፈልገው ያነሣዋል፤ ጽናቱ ወደ ጥያቄ ሲለወጥ ግን ይፈራዋል። ከሌኒንግራድ ረሃብ ተርፎ የወጣ ሰው «ከተማዋ አስቀድማ ለምን አልተዘጋጀችም? ምግቡ በጊዜው ለምን አልገባም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለ ጀግንነቱ ብቻ የሚያወራ ታሪክ ግን እነዚህን ጥያቄዎች አያስተናግድም። በ1979 የሾስታኮቪች ማስታወሻ ተብሎ በምዕራቡ ዓለም የታተመ መጽሐፍ፣ ሰባተኛው ሲምፎኒ ሂትለር ብቻ ሳይሆን ስታሊንም ስላጠፋት ከተማ የሚናገር እንደሆነ ገልጿል። የመጽሐፉ ትክክለኛነት እስካሁን ያከራክራል፤ ክርክሩ ራሱ ግን አንድ ሙዚቃ ሁለት ጨቋኞችን ሊያመለክት እንደሚችል ያሳያል።

ትስኪንቫሊና ፓልሚራ

በኦገስት 2008 በጆርጂያና በሩሲያ መካከል የአምስት ቀን ጦርነት ተካሄደ። በዚያው ወር በ21ኛው ቀን የማሪንስኪ ቲያትር መሪ ቫሌሪ ገርጊየቭ ኦርኬስትራቸውን ይዘው በደቡብ ኦሴቲያ ዋና ከተማ በትስኪንቫሊ፣ በፈረሰ የመንግሥት ሕንፃ ፊት ኮንሰርት አቀረቡ። ገርጊየቭ በትውልዳቸው ኦሴቲያዊ ናቸው። ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ ያው የሾስታኮቪች ሰባተኛ ሲምፎኒ ነበር። በአደባባዩ ለተሰበሰቡት፣ ዘመድ ለቀበሩት ነዋሪዎች ሐዘኑ እውነተኛ ሐዘን ነው። በዚያው ምሽት ግን የሩሲያ ወታደሮች ጎሪን በመሰሉ የጆርጂያ ከተሞች ውስጥ ነበሩ። የሌኒንግራድ ሲምፎኒ ሲመረጥ ጆርጂያ በናዚ ጀርመን ስፍራ መቀመጧን ማንም አልሳተውም። ስለ ተከበበ ሕዝብ የተጻፈ ሙዚቃ በድል አድራጊ ጦር ጥላ ሥር ሲሰማ ትርጉሙ ሳይለወጥ አይቀርም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር በመካከለኛው ምሥራቅ ታየ። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ፓልሚራ በሜይ 2015 «አይ ኤስ» በተባለው የሽብር ቡድን እጅ ወደቀች። ቡድኑ በጥንታዊው የሮማውያን ቲያትር ሰዎችን በአደባባይ ገደለ፤ የቤልና የባዕል ሻሚን ቤተ መቅደሶችን አፈነዳ። ሕይወታቸውን ለከተማዋ ቅርስ የሰጡትን አዛውንት የአርኪዮሎጂ ሊቅ ኻሊድ አል አስዓድን በኦገስት 2015 ገደላቸው። በማርች 2016 የሶርያ ጦር በሩሲያ አየር ኃይል ድጋፍ ከተማዋን አስመለሰ።

በሜይ 5 ቀን 2016 የማሪንስኪ ኦርኬስትራ በገርጊየቭ መሪነት በዚያው ቲያትር ኮንሰርት አቀረበ። ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን በቪዲዮ ንግግር አደረጉ። የባኽና የሮድዮን ሽቸድሪን ሥራዎች ተሰሙ፤ ኦርኬስትራውም የሰርጌይ ፕሮኮፊየቭን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ተጫወተ። ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ የሚወስድ ብሩህ ሥራ በአብዮቱ ዘመን ተጽፎ በ1918 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማ ሲሆን፣ የጥንቱን የሐይድን ዘይቤ በአዲስ መንፈስ የሚያነሣ ነው። ግድያ በተፈጸመበት ቲያትር ውስጥ ቫዮሊን ሲሰማ ማየት ብዙዎችን ልባቸውን ነክቷል፤ ይህን ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ሰው በታረደበት መድረክ ላይ ሰው ዘመረ፤ ይህ በራሱ ትርጉም አለው።

ሆኖም በዚያው ቀን በሰሜን ሶርያ በኢድሊብ ግዛት የተፈናቃዮች ድንኳኖች በአየር ተደብድበው ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ከሰባት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 2016፣ አይ ኤስ ፓልሚራን መልሶ ያዘ። በጃንዋሪ 2017 የቲያትሩ የፊት ገጽ ከፊሉ መፍረሱ ታወቀ። መታደሱ ተበሥሮ ነበር፤ የታደሰው ግን ለካሜራ የቆመው መድረክ እንጂ ከተማዋ አልነበረችም። ሕዝቧ አብዛኛው ተሰድዷል። ኦርኬስትራው በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን ተመለሰ።

ሌኒንግራድና ፓልሚራ የሚለያዩት በሙዚቃ ጥራት አይደለም፤ የማሪንስኪ ኦርኬስትራ በ1942 ከነበሩት የተራቡ ተጫዋቾች እጅግ የላቀ አጨዋወት እንዳለው አያጠራጥርም። የሚለያዩት ሙዚቃው ከማን አፍ ወጣ፣ ለማን ጆሮ ተሰማ፣ በማግሥቱስ ስፍራው ምን ሆነ በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ማንኛውም የጽናት ኮንሰርት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን ይችላል።

ከ2022 በኋላ ያለው ክርክር

የዩክሬን ጦርነት ይህን ሚዛን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። በማርች 1 ቀን 2022 የሙኒክ ከተማ ገርጊየቭን ከፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራዋ መሪነት አሰናበተች፤ ምክንያቱ ወረራውን እንዲያወግዙ ተጠይቀው ዝምታን መምረጣቸው ነው። በዚያው ወር በብሪታኒያ የካርዲፍ ፊልሃርሞኒክ የቻይኮቭስኪን «1812» ከፕሮግራሙ አወጣ። ገርጊየቭ በዲሴምበር 2023 ማሪንስኪን እንደያዙ የሞስኮውን ቦልሾይ ቲያትርም እንዲመሩ ተሾሙ። በጁላይ 2025 በጣልያን ካዜርታ ሊያቀርቡት የነበረው ኮንሰርት ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ተሰረዘ።

በዩክሬን በኩል ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። በኦክቶበር 2022 የኬርሶን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ ዩሪ ኬርፓቴንኮ፣ ከተማዋን የያዙት ኃይሎች ባዘጋጁት ኮንሰርት ለመሳተፍ እምቢ በማለታቸው በቤታቸው በሩሲያ ወታደሮች መገደላቸውን የዩክሬን የባህል ሚኒስቴር አስታውቋል። ኮንሰርቱ ታስቦ የነበረው በከተማዋ ሰላማዊ ኑሮ መመለሱን ለማሳየት እንደነበረ ሚኒስቴሩ ገልጿል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የወቅቱ የዩክሬን የባህል ሚኒስትር ኦሌክሳንድር ትካቼንኮ ምዕራባውያን ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ የቻይኮቭስኪን ጨምሮ የሩሲያን ሥራዎች ማቅረብ እንዲያቆሙ በይፋ ጠየቁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት ሰው የወራሪውን ሀገር ሙዚቃ በጸጥታ እንዲያዳምጥ ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ጥያቄው የጥላቻ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ክርክር ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ ቅድመ አያታቸው አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የተወሰዱ ናቸው። ትውልዳቸው ከሐበሻ ምድር ነው የሚለው የቆየ ትውፊት ነው፤ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። በዚህ ዝምድና ምክንያት በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው ይኸው ባለቅኔ በዩክሬን ከተሞች ከ2022 ወዲህ ሐውልቶቻቸው እየተነሡ ነው። አንዱ ሕዝብ ዘመድ ብሎ ያከበረውን ሌላው የገዢነት ምልክት ብሎ ያነሣዋል። ሁለቱም ከየራሳቸው ታሪክ ተነሥተው ነው፤ አንዱ የሌላውን ምክንያት መስማት ይገባዋል።

የፑሽኪን ልብ ወለድ መነሻ የሆነው የቻይኮቭስኪ ኦፔራ «የእስፔድ ንግሥት» በ2022 የፋሲካ ሰሞን በጀርመን ባደን ባደን በበርሊን ፊልሃርሞኒክ ቀርቧል። መሪው ኪሪል ፔትሬንኮ በሩሲያዋ ኦምስክ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ወረራውን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በግልጽ አውግዘዋል። ሙዚቃውን ግን አልተዉትም። ከገርጊየቭና ከፔትሬንኮ አንዱን ከሌላው የሚለየው ስለ መከራው መንሥኤ መናገርና ዝም ማለት ነው።

እውነተኛ መታደስ እንዴት ይመጣል

ጽናት እንዲህ ከተፈተሸ፣ መታደስ የሚለው ቃልም መፈተሽ አለበት። በሩሲያ ሙዚቃ ውስጥ ቃሉ ጥልቅ ሥር አለው። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ በ1888 የጻፉት «የሩሲያ ፋሲካ» የተሰኘው የኦርኬስትራ ሥራ በቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከሕማማት ጸጥታ ተነሥቶ ወደ ትንሣኤ ደወል ይደርሳል። የሩሲያና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአንድ ቀን የሚያከብሩ በመሆናቸው፣ ከጾሙ ርዝመት በኋላ የሚመጣውን የዚያን ሌሊት ደስታ የሚያውቅ አድማጭ የሥራውን አካሄድ ያለ አስረጂ ይከተለዋል።

የሰርጌይ ራህማኒኖቭ ታሪክ ግን መታደስ በምድር ላይ ምን እንደሚመስል ይበልጥ ያሳያል። የመጀመሪያ ሲምፎኒያቸው በማርች 1897 በሴንት ፒተርስበርግ ሲቀርብ ክፉኛ ወደቀ፤ ዝግጅቱ ደካማ ነበር፣ ትችቱም ያለ ርኅራኄ ወረደ። የ23 ዓመቱ ወጣት ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ትልቅ ሥራ መጻፍ አቃተው። በ1900 ሐኪሙ ኒኮላይ ዳል በተከታታይ ቀጠሮ በንግግር አከሟቸው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ ተጻፈ፤ በ1901 በሞስኮ ሙሉ ሆኖ ሲሰማ ፒያኖውን የተጫወቱት ራሳቸው ደራሲው ናቸው። ሥራውን ያበረከቱት ለዚያ ሐኪም ነው። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደዱ የኦርኬስትራ ሥራዎች አንዱ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተአምር የለም። የወደቀው ሰው መውደቁን አልደበቀም፤ ጊዜ ወሰደ፤ ረዳት ፈለገ፤ ረዳቱንም በስሙ አመሰገነ። የወደቀው ሲምፎኒም ሌላ መጨረሻ አገኘ። ራህማኒኖቭ በ1917 ከሩሲያ ሲወጡ ሙሉ ኖታው ጠፋ። በ1943 በስደት ሀገር በአሜሪካ ሞቱ። የሌኒንግራድ ከበባ ከተነሣ በኋላ ግን ተጫዋቾቹ የተጠቀሙባቸው የየመሣሪያው ኖታዎች በዚያችው ከተማ ተገኙ፤ ሲምፎኒው ከእነሱ እንደገና ተዋቅሮ በኦክቶበር 1945 በሞስኮ ተሰማ። ሰው ለመሞቅ መጽሐፍና የቤት ዕቃ ባነደደባት ከተማ እነዚያ ወረቀቶች ተርፈው ነበር። ሥራውን ያዳነው ሙዚቃውን ያወደሰ ንግግር አይደለም፤ በመደርደሪያ የተቀመጠ ወረቀትና በትዕግሥት መልሶ የገጣጠመው እጅ ነው።

አድማጩ ምን ይዞ ይገባል

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሩሲያን ሙዚቃ ማዳመጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። ሾስታኮቪችን ከመድረክ ማውረድ፣ ገዢዎቻቸው በሕይወት ሳሉ የሞከሩትን ከሞቱ በኋላ መፈጸም ይመስላል። በሌላ በኩል ሥራዎቹን ከታሪካቸው ነጥሎ «ጽናት» በሚል ማለፊያ ቃል ጠቅልሎ ማቅረብ፣ የተራበውን ሰው አመስግኖ ያስራበውን በዝምታ ማለፍ ነው። የሚሻለው መንገድ ሙዚቃውን ከነሙሉ ታሪኩ ማቅረብ ነው። አዘጋጆች በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የኤሊያስበርግን ስም፣ የ1948ቱን ውግዘትና የተዘጋውን ሙዚየም መጻፍ ይችላሉ። ከሩሲያ ሥራዎች ጎን የዩክሬናውያንን ማሰማትም ይቻላል፤ በ2022 ሀገሩን ለቅቆ በጀርመኗ ጌራ ከተማ የተጠለለው የኪየቭ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚጫወተው የሀገሩ ሙዚቃ አለው።

የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ለዚህ የተመቸ ስፍራ ናቸው። የሁለቱም ተፋላሚ ሀገራት ዜጎች እዚህ ይኖራሉ፣ ይሠራሉ፤ ሶርያውያን፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያንም እንዲሁ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ የሥራ ፈረቃ፣ የተለያየ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ይውላሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ስለ ጽናት የሚቀርብ ኮንሰርት ጽናትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው የሚያውቅ አድማጭ አለው።

በሰው ሀገር ሠርቶ የሚያድር ሰው «ጠንካራ ነሽ፣ ቻይ ነህ» መባልን ያውቃል። ቃሉ የሚያስደስትበት ቀን አለ። «ምን ቸገረህ?» የሚለውን ጥያቄ ለመዝለል የሚነገርበት ቀንም አለ። በኦገስት 1942 በሌኒንግራድ የተጫወቱት ሰዎች ምስጋና ብቻ አልተሰጣቸውም፤ መጀመሪያ የተሰጣቸው ተጨማሪ ምግብ ነው። ያ ምግብ ባይኖር ሆርኑ አይነፋም ነበር። ጽናትን ከልቡ የሚያከብር መድረክም፣ መንግሥትም፣ አሠሪም የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ለጽኑው ሰው ከጭብጨባው አስቀድሞ የሚያስፈልገውን ያቀርብለታል፤ ጽናቱን የግድ ያደረገውን ችግርም በስሙ ይጠራዋል።